በተበከለ ማዕድ የተጎዳ ሰው ስለሚጠይቀው ካሣ

ሰው ከማያውቀው ሰው እጅ እንጀራ ተቀብሎ በሚበላበት ጊዜ፣ ምንም እንኳ ቃል ባይሰጥና ውል ባይፈርም፣ ሕይወቱን ለዚያ ለማያውቀው ሰው አደራ መስጠቱ ነው፤ ወጡ በምን ውኃ እንደ ተሠራ፣ ሥጋው ከወዴት እንደ መጣ፣ ያበሰለውም እጅ ታጥቦ እንደ ሆነ አይመረምርም፤ ባርኮ ይቆርሳል፣ አመስግኖም ይነሣል። ይህ አደራ በቤተ ዘመድ ማዕድ ላይ በፍቅር ይጠበቃል፤ በገበያ ማዕድ ላይ ግን፣ መብሉ በዋጋ የሚሸጥ ስለ ሆነ፣ ከፍቅር ሌላ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ያም ጠባቂ ሕግ ነው።

በአዲስ አበባ ምዕራብ በሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በስድስትና በሰባት ሰዓት መካከል ከአጣና ተራ ተነሥቶ በወይራ ሰፈርና በቤተል በኩል እስከ አየር ጤናና እስከ ካራ ቆሬ የሚዘልቅ ሰው፣ ይህ አደራ በየደጃፉ ሲሰጥና ሲቀበል ያያል። አጣና ሲያወርድ ያረፈደው የቀን ሠራተኛ፣ የታክሲው ሾፌርና ረዳቱ፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀው ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይርባቸዋል፤ በቆርቆሮ የተከለለችው ማድ ቤትም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልታጠግብ ትጣደፋለች። ከማለዳ የተሠራው ምስር ወጥ በከሰል ምድጃ ዳር ለብ እንዳለ እስከ አሥር ሰዓት ይቆያል፤ ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ በጨርቅ ተጠርጎ ብቻ ቃሪያና ቲማቲም ይከተፍበታል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንትም ሳህን የሚታጠብበት በርሜል ውኃው ሳይለወጥ ይውላል። ይህን የምጽፈው ምግብ ሻጮቹን ለማማት አይደለም፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በጭስና በላብ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፣ እንግዳቸውንም እንደ ቤተ ሰብ የሚያስተናግዱ ናቸውና። ነገር ግን ተሐዋስያን የሻጩን ደግነት አይመለከቱም፤ የጤና ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፣ የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ ወይም ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ካልተጠበቀ፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ሙቀት ውስጥ ደዌ አምጪዎቹ በፍጥነት ይበዛሉ።

የጉዳቱን ስፋት ለመረዳት፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ያወጣውን ግምት ማስታወስ ይበቃል፤ በዚያ ግምት መሠረት ንጹሕ ባልሆነ ምግብ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች ይታመማሉ፣ 420,000 የሚሆኑትም ይሞታሉ፤ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ሲታይ ከሁሉ የከፋው ሸክም የወደቀው በአፍሪካ ላይ ሲሆን፣ በአህጉራችን በዓመት 91 ሚሊዮን ሰዎች ታመው 137,000 ይሞታሉ። በእኛም ከተማ ቢሆን ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከሚመረተው ወተት ተመራማሪዎች 110 ናሙና ወስደው ከዓመታት በፊት በመረመሩ ጊዜ፣ ሻጋታ ካበላሸው የከብት መኖ ወደ ወተት የሚሻገረውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በሁሉም ናሙናዎች ውስጥ አግኝተውታል። እንጀራን ከጀሶ፣ ቅቤንም ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅለው የሚሸጡ ሰዎች ነገርም በየጊዜው የሚሰማ ሐዘን ሆኗል።

ይህ ሁሉ እየሆነ፣ የተጎዳው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ሌሊቱን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ያደረ ሰው በማግሥቱ ‹ምግቡ አልተስማማኝም› ወይም ‹ምች መታኝ› ብሎ ዳማ ከሴ ጨምቆ ይጠጣል፤ አንዳንዱም ወደ ፋርማሲ ሄዶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲፕሮ ገዝቶ ይውጣል፤ ሦስትና አራት ቀን ከሥራው ቀርቶ፣ የቤት ኪራዩንና የልጁን ደብተር መግዣ ለሕክምና አውጥቶ፣ ከዳነ በኋላ ነገሩን ይረሳዋል። ስለ አንዲት የእርሻ ድንበር ነጠላውን አጣፍቶ በበላ ልበልሃ እየተሟገተ እስከ ዙፋን ችሎት ይደርስ የነበረ ሕዝብ፣ ስለ ገዛ ሥጋውና ስለ ልጁ ጤና ሲሆን መብቱን ሳይጠይቅ መቅረቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የዝምታውም ምክንያት የሕግ መጉደል አይደለም፤ ሕጉ ከተጻፈ ብዙ ዘመን አልፎታል።

ካሣ የሚባለው ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 እንደ ተደነገገው፣ በሬው ተዋጊ መሆኑን አስቀድሞ ያወቀና የተነገረው ሰው ሳይጠብቀው ቀርቶ በሬው ሰው ቢወጋ፣ ባለቤቱ ራሱ ተጠያቂ ነው፤ የኋለኞቹ ሕግጋት ሁሉ መሠረት የሆነው ነገር፣ ማለት አደጋውን ማወቅና አለመከላከል በደል መሆኑ፣ በዚያ በጥንታዊው ሥርዐት ውስጥ በግልጥ ይታያል። አባቶቻችንም ለብዙ መቶ ዓመታት ፍትሐ ነገሥትን እያስጠቀሱ፣ የሀገሩንም ልማድ እየጨመሩ ሲዳኙ ኖረው፣ በ1952 ዓ.ም. በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ ከ1953 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ጀምሮም የሚሠራበት ሆነ።

ይህ ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገርበት ክፍል፣ በቁጥር 2028፣ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ያዛል፤ በቁጥር 2035 ደግሞ በሕግ ወይም በደንብ በግልጥ የተነገረውን ትእዛዝ መተላለፍ ራሱ ጥፋት ነው ይላል፤ ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወይም የንጽሕና ደንቦችን ጥሶ ምግብ የሸጠ ሰው፣ ‹ደንቡን አላውቅም ነበር› በማለት አያመልጥም። ከሁሉ ይልቅ ለነገራችን የቀረበው ቁጥር 2085 ነው፤ ይህ አንቀጽ ለትርፍ ሲል ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ተለመደው አገልግሎቱ ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጉድለቱ በተለመደው አመለካከት ሊታወቅ የሚችል ሲሆን ብቻ ኃላፊነቱ ይቀራል። በታሸገ ብስኩት፣ በዘይት ወይም በወተት የተጎዳ ሰው በቀጥታ ይህን አንቀጽ ይጠቅሳል፤ በምግብ ቤት የተጎዳውም ከቁጥር 2028 እና ከ2035 ጋር አያይዞ ሊከራከርበት ይችላል። ሻጋታው በዓይን የሚታይ ዳቦ የበላ ሰው ክርክሩ ይደክምበታል፤ በዓይን የማይታይ፣ በአፍንጫም የማይሸት ሳልሞኔላ የተባለ ተሐዋሲ ያለበትን ክትፎ የበላ ሰው ግን እንዴት አልመረመርህም ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም።

በዚህ በቁጥር 2085 ውስጥ ሊስተዋል የሚገባው ታላቅ ነገር ‹ሌላ ሰው› የሚለው ነው፤ የገዛ ሰው አላለም፣ ውል ያለው ሰው አላለም። እኛ በአንድ መሶብ ዙሪያ አራትና አምስት ሆነን የምንበላ፣ ሒሳቡንም አንዱ ጋባዥ ከፍሎ የምንነሣ ሕዝብ ስለ ሆንን፣ የካሣ መብት ለከፋዩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከተጎዱት መካከል አብዛኛዎቹ ባዶ እጃቸውን በቀሩ ነበር። ይህ ጥያቄ በሌላ አገር እጅግ አከራክሯል። በስኮትላንድ በፔይዝሊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1928 በነሐሴ ወር፣ ሜይ ዶኖህዩ የተባለች ሴት ወዳጅዋ የጋበዘቻትን የዝንጅብል መጠጥ ከጠጣች በኋላ፣ ከጥቁሩ ጠርሙስ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ተንጠባጥቦ ወጣ በማለት፣ ታማም ነበርና፣ መጠጡን የሠራውን ስቲቨንሰን የተባለውን ሰው ከሰሰችው። መጠጡን የገዛችው ወዳጅዋ እንጂ እርስዋ አልነበረችምና በውል ልትጠይቀው አልቻለችም፤ ነገሩ እስከ እንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በግንቦት ወር ሦስት ዳኞች በሁለት ላይ በልጠው ሠሪው ለመጨረሻው ጠጪ ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ወሰኑ። ፍርዱን ከጻፉት ዳኞች አንዱ ሎርድ አትኪን፣ በሉቃስ ወንጌል ሕግ ዐዋቂው ጌታችንን ‹ባልንጀራዬ ማን ነው› ብሎ የጠየቀውን ጥያቄ ወደ ችሎት አምጥቶ፣ በሥራዬ ሊጎዳ የሚችል መሆኑን አስቀድሜ ላስበው የሚገባኝ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት ባልንጀራዬ ነው ሲል መለሰ። የእንግሊዝ ዳኞች በብዙ ክርክር የደረሱበትን ይህን ሐሳብ የእኛ ሕግ በአንድ አጭር አንቀጽ አስቀምጦልናል።

ከዚህም ሌላ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች ከዕቃና ከአገልግሎት ግብይት የተነሣ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ለጤና አደገኛ የሆነ፣ የተመረዘ፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ዕቃ መሸጥንም ይከለክላል፤ ነጋዴውም ለሸጠው ሁሉ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የወንጀሉም ሕግ ጎጂ ምግብ የሚሠራንና የሚሸጥን ሰው ይቀጣል፤ በወንጀል የተከሰሰ እንደ ሆነም፣ ተበዳዩ በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት የካሣ ጥያቄውን በዚያው ችሎት ሊያቀርብ ይችላል።

እንግዲህ ሕጉ እንዲህ ከሆነ ካሣው ስለ ምን አይገኝም? የሚጠፋው ማስረጃው ነው። ከሳሽ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፤ ይኸውም በዚያ ቤት መብላቱን፣ መታመሙንና የሕመሙ ምክንያት ያ ምግብ መሆኑን ነው። ከሦስቱ እጅግ አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ደዌው ከምግቡ በኋላ በየራሱ ጊዜ ይነሣል። ስታፊሎኮከስ የሚያመነጨው መርዝ ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስመልሳል፤ ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ይቆያል፤ የልጆችን ኩላሊት የሚጎዳው ኢ. ኮላይ ኦ157 አብዛኛውን ጊዜ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ይገለጣል፤ ታይፎይድ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ የጉበት ብግነት የሚያመጣው ሄፓታይተስ ኤ ከ15 እስከ 50 ቀን ይሸሸጋል። ስለዚህ ዛሬ የታመመ ሰው ዛሬ ምሳ የበላበትን ቤት ቢከስ፣ ንጹሑን ሻጭ ሊበድልና በዳዩን ሊያስመልጥ ይችላል። ማስረጃ የሚያስፈልገው ለከሳሹ ብቻ ሳይሆን በንጽሕና ለሚሠራውም ሻጭ ነው፤ ሐሜት የስንቱን እንጀራ እንደሚዘጋ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋልና።

ስለዚህ የታመመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ የኮልፌ ሰው ዘነበ ወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ሩቅ አይሆንበትም። ለሐኪሙም የበላውን፣ የበላበትን ቀንና ሰዓት፣ አብረውት የበሉትንም ሰዎች ይንገር፤ ይህ ሁሉ በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ይለምን። ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ከመዋጡም በፊት ተሐዋሲው የሚለይበት የሰገራ ምርመራ (ካልቸር) እንዲደረግለት ይጠይቅ፤ መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ ተሐዋሲው በምርመራ ላይገኝ ይችላልና። በየክሊኒኩ የተለመደው፣ በደም የሚሠራው የታይፎይድ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ በፍርድ ቤትም ጠንካራ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛም ደረሰኙን ይጠብቅ። በትንንሽ ምግብ ቤቶች ደረሰኝ የማይሰጥ ከሆነ፣ በቴሌብር የከፈለ ሰው በስልኩ ላይ የመጣለት መልእክት ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተቀባዩንም ስም ይዞ ይገኛልና አያጥፋው፤ በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ደግሞ አብረውት የበሉትን ሰዎች ስምና ስልክ ይያዝ። አብረው ከበሉት መካከል ብዙዎች መታመማቸው፣ ያልበሉት ደግሞ ደኅና መሆናቸው፣ የምግቡን በደለኛነት አጥብቆ ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ነው። የተረፈ ምግብ ካለም በንጹሕ ዕቃ ዘግቶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ በፍሪጅ ያስቀምጠው። ነገር ግን በግል የተያዘ ናሙና ‹ራስህ ያበላሸኸው ነው› የሚል መቃወሚያ ስለሚነሣበት፣ ወዲያውኑ ለወረዳው የጤና ቁጥጥር ሠራተኞች ወይም ለከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማመልከት፣ ወይም በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር በ8482 መደወል ይሻላል፤ ተቆጣጣሪው በቦታው ተገኝቶ የሚጽፈው ቃለ ጉባኤና የሚወስደው ናሙና ከግል ምስክር ይልቅ ይታመናል።

የተረፈ ምግብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት የደቡብ አፍሪካን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ሊስቴሪያ የተባለው ተሐዋሲ በ1,060 ሰዎች ላይ በምርመራ ተገኝቶ 216 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከብዙ ወራት ፍለጋ በኋላም ምንጩ አልታወቀም ነበር፤ በሶዌቶ በአንድ የሕፃናት ማቆያ የሚውሉ ልጆች ታመው ሆስፒታል በገቡ ጊዜ ግን፣ ተቆጣጣሪዎች ወደ ማቆያው ሄደው ከፍሪጁ ውስጥ ፖሎኒ የሚባለውን የተቀነባበረ ሥጋ አገኙ፤ ምርመራውም ፖሎኒውን እየተከተለ በፖሎክዋኔ ከተማ እስካለው ፋብሪካ አደረሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታኅሣሥ ወር የጆሃንስበርግ ፍርድ ቤት ተጎጂዎቹ በኅብረት እንዲከሱ ፈቀደ። በእኛም ሕግ ቢሆን በአንድ ምግብ የተጎዱ ብዙ ሰዎች በአንድ የክስ ማመልከቻ ሊከሱ፣ ወይም አንዱ ስለ ሁሉ ሆኖ ሊከስ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ ይፈቅዳል፤ ወጪውም ይከፋፈላል፣ ማስረጃውም ይጠነክራል።

የካሣው ልክ ከጉዳቱ ልክ ጋር እኩል መሆን አለበት። ለምሳሌ ያህል፣ በቀን 600 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 12 ቀን ከሥራ ቢቀር 7,200 ብር፣ ለሕክምናና ለመድኃኒት 4,500 ብር፣ ለመጓጓዣ 800 ብር ቢያወጣ፣ በድምሩ 12,500 ብር ይጠይቃል፤ ሕመሙ ወደ ፊት የሚቀጥል ቢሆን የሚመጣውንም ወጪ ይጨምራል። ገቢው በወረቀት የማይታይ ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ባልቻለ ጊዜ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2102 ሥልጣን ይሰጠዋል። ምግቡ መበላሸቱን እያወቀ የበላ፣ ወይም ታሞ ሳለ መታከምን እምቢ ያለ ሰው ግን ካሣው ይቀነስበታል።

ክሱ በዚያው ሕግ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ያ ጊዜ ካለፈ ተከሳሹ ይርጋ ያነሣበታል። የኮልፌ ሰው ክሱን በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ያቀርባል፤ ከማመልከቻው ጋር የማስረጃ ዝርዝሩን ያያይዛል፤ የዳኝነት የሚከፍለው ያጣ ሰው ድኽነቱን በቃለ መሐላ አረጋግጦ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመለክታል። ብዙ ጊዜም ነገሩ ችሎት ሳይደርስ በሽማግሌ ያልቃል፤ ይህም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ ‹ሁሉን ትቻለሁ› ብሎ መፈረም አይገባም፤ ዕርቁም በጽሑፍ ይሁን፣ የሁለቱ ዓመት ጊዜም በሽምግልና ቀጠሮ አይለቅ።

ሕጉ በዚህ ረገድ አንድ ታላቅ ጉድለት አለበት። ለኅሊና ጉዳት፣ ማለት ለሥቃይና ለሐዘን፣ የሚከፈለው ካሣ በምንም ምክንያት ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በቁጥር 2116 ተወስኗል። ይህ ቁጥር በ1952 ዓ.ም. ሲጻፍ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን በተበከለ ምግብ ልጁን ላጣ አባት ይህን ቆጥሮ መስጠት ፍርድን ማቃለል ነው። ይህን ወሰን ማንሣት የሕግ አውጪው ክፍል ዕዳ ነው፤ ዕዳውም እጅግ ዘግይቷል።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። በመንገድ የሚሸሸውን ሰው ‹በሕግ አምላክ› ብሎ ማስቆም የለመደ ሕዝብ፣ በማዕዱ ላይ የሚደርሰውንም በደል በዚያው ቃል ሊያስቆም ይገባዋል። የተጎዳ ሰው መብቱን ሲጠይቅ ለራሱ ገንዘብ ብቻ አይሟገትም፤ በነገው ቀን በዚያው ወንበር ተቀምጦ በዚያው ሳህን ለሚበላው፣ ስሙን ለማያውቀው ባልንጀራው ጭምር ይሟገታል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ምግብ ያሳመመህ እንደ ሆነ መድኃኒት ከመዋጥህ በፊት ተመርመር፣ የበላህበትን ቀንና ሰዓት ጻፍ፣ ደረሰኝህን ጠብቅ፣ ለተቆጣጣሪው አመልክት፤ ሁለት ዓመቱም ሳያልፍ መብትህን ጠይቅ።